ቀሪቦ ላይ ብርቱካን ጨምሩበት!

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገረው፤ አዳማ ላይ የጠጣሁት የብርቱካን ቀሪቦ በዕድሜዬ ከቀመስኳቸው መጠጦች ሁሉ ይበልጣል። ከጠጅ ይበልጣል፤ የጠጅ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ። ከቢራም ይበልጣል። በቆርኪ ተዘግቶ ከሚመጣው የፋብሪካ ለስላሳ ጋርማ ለውድድርም አላቀርበው። አጋነነ የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ሠርታችሁ ቅመሱት፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ሲቀዳ ጥቁር ቡናማ ነው። አረፋው ወፈር ብሎ ይነሳና እስከ ብርጭቆው አፍ ደርሶ ቀስ እያለ ይመለሳል። አፍንጫ ሲጠጋው ቀድሞ የሚመጣው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው፤ ያ ገና ስንልጠው ዓይናችን ውስጥ የሚረጨው ዘይት። ከኋላው የተቆላው ገብስ ይከተላል። ስትጎነጩት ጋዙ ምላስ ቆንጠጥ አድርጎ ይለቅና ጥቂት ጣፋጭ፣ ጥቂት ኮምጣጣ፣ ጥቂት መራራ እየተፈራረቁ ያልፋሉ። አለቀ ስትሉ ጉሮሮ ላይ ኮረሪማ ብቅ ይላል። ኮረሪማ! ቅቤ ሲነጠርና በርበሬ ሲደለዝ ብቻ የማውቀው ኮረሪማ፣ በረዶ ሆኖ በቀዘቀዘ መጠጥ ውስጥ፣ በአዳማ የቀትር ሙቀት!

ቀሪቦን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። ከገብስ የሚሠራ፣ ጌሾ የማይገባበት፣ የአልኮል መጠኑ በጣም ዝቅተኛ የሆነ የቤት መጠጥ ነው። ጠላና ጠጅ የማይጠጣ እንግዳ ባለበት ሠርግ፣ በዒድ፣ በዓመት በዓል ይቀርባል፤ ለብዙ ቤተሰብም መተዳደሪያ ነው። ቅቤም ወተትም ስለሌለበት በጾም ቀን ማንንም አያስቸግርም። ጅማ አካባቢ በጣም የታወቀ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በውስጡ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያንና ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ አጥንተዋል። አሠራሩ ደግሞ ከጠላ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነው። ገብሱ ለጠላ አሻሮ ከሚቆላው በላይ፣ ወደ ቡና ቀለም እስኪጠጋ ይቆላል። የፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀለሙንና ጣዕሙን እስኪሰጥ ይቀቀላል፣ ይጠለላል። ፈሳሹ ለብ ሲል ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፤ ተሸፍኖ ያድራል። ጠዋት ጣዕሙ በስኳር ይስተካከልና ይጠጣል። ጌሾ መውቀጥ የለ፣ ጥንስስ መጠበቅ የለ፣ ጋን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን የለ። አንድ ሌሊት ብቻ!

እኔም ቀሪቦን በዚሁ መልኩ፣ ከባልዲ ተጨልፎ፣ ትንሽ ለዘብ ብሎ፣ ጣፋጭ የገብስ ውኃ ሆኖ ነበር የማውቀው። ደግ መጠጥ ነው፤ ማንም አይጠላውም፣ ማንም ስለ እሱ ሌሊት አይነሳም። የአዳማው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ያሳዩኝ ለሠርግና ለበዓል በትእዛዝ የሚያዘጋጁ እናት ናቸው። ስሜ አይጠራ ስላሉ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ምን አስገብተው ነው?» አልኳቸው ብርጭቆዬን እያየሁ።

«ምን አስገባበታለሁ ልጄ፣ ብርቱካንና ኮረሪማ ነው። ዋናው እሱ አይደለም፤ ዋናው መዝጋቱ ነው።»

መዝጋቱ! ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። እትዬ ቀሪቦውን እንደማንኛውም ሰው አንድ ሌሊት ያሳድሩታል። ጠዋት ግን ለመጠጥ አያቀርቡትም፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይሞሉታል፣ ፍሬውንና ቅመሙን በዚያ ሰዓት ይጨምራሉ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዘጉና ሁለተኛ ሌሊት ያሳድሩታል። የመጀመሪያዋ ሌሊት መጠጡን ትሠራለች፤ ጋዙንና መዓዛውን የምትሠራው ሁለተኛዋ ናት። ብርቱካኑ ከመጀመሪያው ቢገባ ኖሮ ሽታው ከሚወጣው ጋዝ ጋር አብሮ በኖ ሄዶ፣ ጠዋት ላይ የሚገኘው የብርቱካን ትዝታ ብቻ ነበር። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም። መዓዛው ይታሰራል፣ ጋዙም ይታሰራል።

እርሾ ስኳር ሲበላ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን አልኮል፣ ግማሽ የሚሆነውን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። አፉ ክፍት የሆነ ዕቃ ውስጥ ጋዙ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የተዘጋ ውስጥ ከሆነ ግፊቱ እየጨመረ ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ሒሳቡን ስሠራው ራሴን ይዤ ቀረሁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 4 ግራም ገደማ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲቦካ አንድ ሊትር የሚሆን ጋዝ ይወጣዋል። በአንድ ሊትር የፋብሪካ ለስላሳ ውስጥ ያለው ጋዝ 3 ተኩል ወይም 4 ሊትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ የጋዝ ሲሊንደር የሚሠራውን ሥራ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር የማትሞላ እርሾ ጓዳ ውስጥ ተደብቀው ይሠሩታል! እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ከተማ ውስጥ ጎረቤቱ ከነበረ ቢራ ጠማቂ ዘንድ ሄዶ፣ ከሚፈላው ጋን በላይ ከሚንሳፈፈው ጋዝ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ነው የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ አምቦ ውኃ የጠጣው። የዓለም የለስላሳ ኢንዱስትሪ የተወለደው ከጠላ ቤት ትንፋሽ ነው ማለት ነው። እትዬ ጋዙን ከመነሻው ጠርሙስ ውስጥ አስቀሩት፤ ፕሪስትሊን ሳያስቸግሩ።

አሁን ደግሞ የቦታውን ነገር ልናገር፤ ይህ መጠጥ አዳማ ላይ እንዲህ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ተቀምጣለች፤ እርሾ የሚወደው ሙቀት ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን የሚለምኑት ጠርሙስ አዳማ ላይ ማታ ተዘግቶ በማግስቱ ከሰዓት ጠጥሮ ይገኛል። ገብሱ ከአርሲ ደጋ፣ ከአሰላና ከበቆጂ በኩል ይወርዳል። ስኳሩ ከወንጂ ነው፤ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረባት ወንጂ ከከተማዋ ደጃፍ ላይ ናት። ብርቱካኑ ደግሞ ከላይኛው አዋሽ፣ ከኑራ ኤራ። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የመርቲን ማርማላታ ዳቦ ላይ ቀብታችሁ ከበላችሁ፣ ያን ከጣፋጩ ሥር ተደብቆ የሚመጣ የልጣጭ ምሬት ታውቁታላችሁ። የእትዬ ቀሪቦ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ከተቆላ ገብስ ጋር ሲገናኝ ግን ድምፁ ይወፍራል።

ምሬቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ብርቱካን ሁለት ልብስ አለው። ላዩ ላይ ያለው ቀለም ያለው ስስ ቆዳ ዘይቱን፣ ሽታውን፣ ሁሉን ነገር የያዘ ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ሽታ የለውም፤ ያለው ምሬት ብቻ ነው፣ ያውም የመድኃኒት ምሬት። እትዬ በስለታም ቢላዋ ላዩን ብቻ እንደ ወረቀት አሳስተው ይገፉታል። ለአንድ ሊትር ጠርሙስ የግማሽ ብርቱካን ልጣጭ፣ የዚያኑ ግማሽ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬዎች ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርገው። በቃ። ጠርሙሱ አፍ ድረስ አይሞላም፤ አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዋል። ብዙ ጭማቂ የጨመረ ሰው የተሻለ የሚያገኝ ይመስለዋል፤ የሚያገኘው ቀጥኖ የኮመጠጠ ነገር ነው። ጣዕሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው! ጭማቂውን ለልጆቹ ስጡና ልጣጩን ለቀሪቦው አስቀሩ።

ኮረሪማውን ለምን መረጡ? ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። የኔ ግምት ይህ ነው፤ የካፋና የጅማ ጫካ የወለደው ይህ ቅመም ራሱ ውስጡ የሎሚ ዘመድ የሆነ ሽታ አለው፣ በዚያ ላይ ካፉር ካፉር የሚል ቅዝቃዜ አለው። ብርቱካኑን በአንድ እጁ፣ የተቆላውን ገብስ በሌላው ይይዝና ያስተዋውቃቸዋል። ቀረፋ ብታስገቡ ኬክ ኬክ ይላል፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ለምን?

ቅርንፉድን በተመለከተ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የሚባለው ዘይት ጥርስ ሲያመን የሚያደነዝዘው ነው፤ እርሾንም ያደነዝዘዋል። ለአንድ ሊትር ሁለት ራስ በቂ ነው። እፍኝ የበተነ ሰው በሦስተኛው ቀንም ጠርሙሱን ሲጫነው ለስላሳ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሽታው ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ዝንጅብል የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጣጩ ላይ የራሱን እርሾና ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ታጥቦ ሳይላጥ ከተከተፈ ሥራውን ያፋጥነዋል። ማንኛውም ቅመም ግን ሳይፈጭ፣ ቢበዛ ሰንጠቅ ብሎ ነው የሚገባው። የተፈጨ ቅመም ጠርሙሱ በተከፈተ ቅጽበት ጋዙን ሁሉ ዙሪያው ይሰበስብና ግማሹን መጠጥ ኮርኒስ ላይ ይልከዋል።

ከቀሪቦው ቀጥሎ ልቤን የወሰደው ብርዝ ነው። ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ገና በልጅነቱ የሚጠጣው ብርዝ። ማር በተፈጥሮው ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ስለሆነ በውስጡ ያለው እርሾ ተኮራምቶ ይተኛል፤ በአራት ወይም በአምስት እጥፍ ውኃ ሲበጠበጥ ነው የሚነቃው። አዳማ ላይ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጠርዙ ላይ ደቃቅ አረፋ ይሰለፋል። ያን ጊዜ ወደ ጠርሙስ! ማንጎና ዝንጅብል ጨምሩበት። መልካሳ፣ አዳማ አጠገብ፣ በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ፍራፍሬ ዋነኛ ሥራው ነው። ኬንት፣ ኬይት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል የሚባሉት የማንጎ ዝርያዎች ዛሬ የገበሬው ማሳ ላይ የሚታዩት እንዲህ ባለ ሥራ ነው። እኔ የምላችሁ ግን ያን ትልልቁን፣ ቃጫ የሌለውን ቆንጆ ማንጎ አይደለም፤ ትንሹን፣ ቃጫማውን፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባውን አገርኛ ማንጎ ነው። መዓዛው እጥፍ ነው፤ ቃጫው ደግሞ በወንፊት ይቀራል።

ማንጎ ጉልበተኛ ነው። ከመቶ ግራሙ 14 ያህሉ ስኳር ስለሆነ፣ ብርቱካን ደግሞ 9 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የማንጎ ጠርሙስ ቀድሞ ይጠጥራል። ተጨማሪ ስኳር አያስፈልገውም። አንድ ሊትር ብርዝ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማንጎ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ግማሽ ሎሚ። ከዚያ ደግሞ፣ እባካችሁ ስሙኝ፣ አንድ ዘለላ ደረቅ በሶብላ! ሽሮና በርበሬ ውስጥ ተቀብሮ የኖረው በሶብላ ከማርና ከማንጎ ጋር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አበባ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስጎነጭ አብሮኝ የነበረ ወዳጄ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ብሎ ተነሳ።

ጤና አዳምም ሞክሬያለሁ፤ ቡና ላይ የምንወደው ያ ሽታ ከሎሚ ጋር በብርዝ ውስጥ ግሩም ነው፣ አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ። ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም አይሰጥም፤ ጠርሙሱ ላይ ጽፋችሁ ለዩት። ማር ያለበትን መጠጥ ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አታቅምሱ።

ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሸለቆው እየሰፋ ፍሬው እየተለወጠ ይሄዳል። መቂ ላይ ፓፓያ አለ፤ ስለ ፓፓያ እውነቱን ልናገር፣ አይሆንም። ለብቻው ሲቦካ ሽታው ደስ አይልም፤ ሎሚና ዝንጅብል ተደርቦበት እንኳ ይቻላል እንጂ አይወደድም። ሀብሐብም የዋህ ነው፤ ወይ ውኃ ውኃ ይላል ወይ ቶሎ ይበላሻል። ዘይቱን ግን! በደንብ የበሰለ፣ ክፍሉን በሽታው የሚሞላ ዘይቱን፣ ተፈጭቶ ፍሬው ተጠልሎ ከትንሽ ቀረፋ ጋር ቀሪቦ ውስጥ ሲገባ ከብርቱካኑ ቀጥሎ ሁለተኛውን ወንበር ይወስዳል። ባቱ ላይ፣ ዝዋይ በምንላት፣ ካስቴል የተባለው ኩባንያ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉ የወይን ጠጆች ማውጣት ጀመረ፤ ያ ወይን ለእኛ ጠርሙስ አይደርስም፣ ግን ዘቢብ ይተካዋል። ሩሲያውያን ከዳቦ የሚሠሩት ክቫስ የሚባል የቀሪቦ የሩቅ ዘመድ አላቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ዘቢብ ይጥላሉ፤ ዘቢቡ ጋዙን ለብሶ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ መጠጡ መድረሱን ያውቃሉ። ቀሪቦ ላይ ሞክሩት፤ ይሠራል፣ ልጆችም አፍጥጠው ሲያዩት ይውላሉ።

አርሲ ነገሌን በአክብሮት አልፋለሁ፤ አረቄዋ በአገር የታወቀ ነው፣ የዛሬው ወሬ ግን ስለ እሱ አይደለም። ሻሸመኔ ላይ ግን መቆም ግድ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በባሕር ማዶ ለሚኖሩ የአፍሪካ ዘሮች መሬት የሰጡባት ከተማ ናት፤ ጃማይካ ሰፈርን የማያውቅ የለም። ጃማይካውያን ደግሞ በገና ሰሞን እኛ ከርከዴ የምንለውን አበባ ከዝንጅብልና ከቅርንፉድ ጋር ዘፍዝፈው የሚጠጡት ቀይ መጠጥ አላቸው፤ ዝንጅብል አቦክተው ጋዝ ያለው መጠጥ መሥራትም የኖሩበት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከርከዴን በሻይነት ብቻ መጠጣት ግፍ መሰለኝ። ጥቂት አበባ ብርዝ ውስጥ ጣል አድርጉ፣ ዝንጅብል ጨምሩ፣ ዝጉት። ቀለሙ የሮማን ነው፤ ኮምጣጣነቱ የማሩን ጣፋጭ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ከሻሸመኔ እጅግ ሳይርቅ ደግሞ ወንዶ ገነት አለ፤ እዚያ ያለው የምርምር ማዕከል የመዓዛና የመድኃኒት ዕፀዋት ላይ ይሠራል። ጠጅ ሳር ግን ማዕከል አያስፈልገውም፤ በየግቢው አለ። ሁለት ሦስት ቅጠል ቋጥራችሁ ከርከዴው ላይ ጨምሩና ተመልከቱ።

ውኃውን ሳልናገር ባልፍ ወዳጅ አይደለሁም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። በአካባቢው ጥርሳቸው ቡናማ የሆኑ ሰዎችን ያየ ምክንያቱን ያውቃል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ያከማቸዋል። ቀሪቦ ደግሞ ገብሱ ሲቀቀል ብዙ ይፈላል። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ባለበት ቦታ ዝናብ ውኃ ወይም የታሸገ ውኃ፤ ከተማ ውስጥ የቧንቧው፣ እሱም ከጉድጓድ የሚመጣ ካልሆነ። የቧንቧው ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፉን ከፍታችሁ አሳድሩት፣ በብዛት ይወጣለታል።

ስለ ጠርሙሱም እንዲሁ። ቀሪቦ ውስጥ የሚቀረው ስኳር ብዙ ነው፤ እርሾው በራሱ ፈቃድ አያርፍም፤ ሥራውን የሚያዘገየው ደግሞ ፍሪጅ ነው። መስታወት ጠርሙስ ግፊቱን መቋቋም ሲያቅተው ይፈነዳል፣ ስባሪውም ዓይን ያጠፋል። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተመራጭ ነው፤ ለግፊት የተሠራ ነውና፣ በእጅም ሲጫኑት ይናገራል። ስሱ ሃይላንድ በችግር ጊዜ ይሆናል፤ ሆዱ ማበጥ ሲጀምር ግን ወዲያው ፍሪጅ። ጠርሙሱ እንደ በሰለ ማንጎ መሆኑ ቀርቶ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ደርሷል። ደህና ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሳፋ ላይ ይዛችሁ፣ ክዳኑን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ክፈቱ። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጋዝ አጥብቆ ይይዛል፤ ለብ ያለውን የከፈተ ልብሱን ያጥባል። ሻጋታ ያበቀለውን ወይም የሸተተውን ያለ ክርክር ድፉት። አልኮል ጨርሶ ለማይነካ ሰው ደግሞ በግልጽ ልንገር፤ የሚቦካ ነገር ሁሉ ጥቂት አልኮል ይኖረዋል፣ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። አንድ ቀን ብቻ ተዘግቶ ወዲያው የቀዘቀዘው ዝቅተኛው ነው፤ ሳምንት የቆየውን እሱ አይጠጣው።

የፋብሪካ ጭማቂ ላይ ያልኩት ነገር የለም፤ እላለሁ። የታሸገ ጭማቂ በብዛት ማስጠበቂያ ይገባበታል፤ ያ ማስጠበቂያ የተፈጠረው እርሾን ለማስቆም ነው። እሱን ቀሪቦ ላይ ብትጨምሩ ብሩም ይባክናል፣ ሌሊቱም። አምቦ ውኃ ብርዝ ላይ ደፍተው «እኛም ጋዝ አለን» የሚሉም አሉ። ይሁንላቸው። የደፉት ጋዝ ግን ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ይጠፋል፤ ጠርሙስ ውስጥ የተወለደው ጋዝ እስከ መጨረሻው ጉንጭ ይቆያል።

የሚገርመኝ የአዳማ ጁስ ቤቶች ናቸው። በየመንገዱ ዳር፣ ማታ ማታ ሰው ተቀምጦ ስፕሪሱን በማንኪያ ይበላል፤ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ የአናናስ ልጣጭ በጆንያ ይጣላል። ሜክሲኮዎች እኮ ከዚያ ልጣጭ ነው ቴፓቼ የሚሉትን መጠጥ የሚሠሩት! ታጥቦ፣ በስኳርና በቀረፋ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ልጣጩ ራሱ በያዘው እርሾ ይቦካል። አንዱን ጁስ ቤት ልጣጩን ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ለዶሮ መስሎት በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ወሰድኩለት። ቀመሰ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄን በስንት ነው የምትሸጠው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጣጩን በነፃ አይሰጠኝም።

ሁመር የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ ገና አልሞከርኩም። ከተቆላ ገብስ ጋር ጉድ እንደሚያፈላ ግን ታይቶኛል፤ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ካለ አንድ ኪሎ ያምጣልኝ፣ ዋጋውን በቀሪቦ እከፍላለሁ።